የዋሽንግተን ዲሲ ካርታና "የተገለበጠው ኮከብ"፦ እስቲ ማስረጃውን እንየው

የካርታ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት አንድ ቪዲዮ መልኩን እየቀያየረ ስለሚደርሰኝ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ካርታ ይታያል። ቀይ መስመር ይሰመርበታል። ከጀርባ የሚያስፈራ ሙዚቃ ይገባል። "ከተማዋ የተሠራችው በሰይጣን ኮከብ ላይ ነው" ይባልና ሼር አድርጉ ተብሎ ያልቃል። መስመሩን ማን ሰመረው? ካርታው የየትኛው ዘመን ነው? ይህን የሚጠይቅ የለም።

እኔ ካርታ እወዳለሁ። ስለዚህ ነገሩ በዝምታ ሲታለፍ ያንገበግበኛል።

የሚባለውን ላስቀምጥ። ከኋይት ሐውስ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። ኮኔቲከት ጎዳና ወደ ዱፖንት አደባባይ ይወስዳል። ቨርሞንት ጎዳና ወደ ሎጋን አደባባይ ይወስዳል። ከዱፖንት ማሳቹሴትስ ጎዳናን ይዛችሁ ስትሄዱ ማውንት ቨርነን አደባባይ ትደርሳላችሁ። ከሎጋን ደግሞ በሮድ አይላንድ ጎዳና ወደ ዋሽንግተን አደባባይ ትመጣላችሁ። ሁለቱን፣ ዋሽንግተንንና ማውንት ቨርነንን፣ ኬ ስትሪት ያገናኛቸዋል። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ወጣ። አንዱ ጫፉ ቁልቁል ወርዶ ኋይት ሐውስ ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው አባባል ኮምፓሱ ነው፤ ክብ የሚሣልበት ባለ ሁለት እግር መሣሪያ፣ የፍሪሜሶኖች ምልክት። ካፒቶል፣ ማለትም የምክር ቤቱ ሕንፃ፣ የኮምፓሱ ራስ ነው፤ ፔንሲልቬኒያና ሜሪላንድ ጎዳናዎች እግሮቹ ናቸው ይላሉ። ሦስተኛው የዋሽንግተን ሐውልት ነው። ከፍታው በኢንች ሲሰላ 6,666 ይሆናል ይባላል።

የኔን አቋም በግልጽ ልናገር። ፍሪሜሶኖች፣ ማለትም በመሐላ የሚተሳሰረው የወንድማማች ማኅበር አባላት፣ በዚህች ከተማ ታሪክ ውስጥ አሉ። በአደባባይ አሉ፤ ማንም አይክደውም። ካርታው ውስጥ የተቀበረ ምስጢራዊ ምልክት አለ የሚለው ግን ዓመቶቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ይፈርሳል። የማይስማማ ይምጣ፣ እንነጋገር። ስድብ ግን የለም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እውነት ፈላጊ

ክሩን ስለከፈትክ አመሰግናለሁ። ግን ገና ሳንጀምር ፍርድ ሰጠህ።

እስቲ ይህን መልስልኝ። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1752 ፍሬደሪክስበርግ በሚገኝ የፍሪሜሶኖች ሎጅ፣ ማለትም የማኅበሩ ቅርንጫፍ፣ ውስጥ አባል ሆነ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1793 የካፒቶልን የመሠረት ድንጋይ ሲያኖር የማኅበሩን ሽርጥ ታጥቆ ነው። ከተማዋን የነደፈው ፈረንሳዊው ፒየር ሻርል ላንፋንም አባል ነበር። መሪው አባል፣ ነዳፊው አባል፣ ድንጋዩን ያኖሩት አባላት። ከዚያ ካርታው ላይ ኮከብ ሲወጣ "አጋጣሚ ነው" ብዬ ልለፈው? እንዴት ብዬ?

የካርታ ልጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲያውም ልጨምርልህ። የከተማዋ የመጀመሪያ የወሰን ድንጋይ ጆንስ ፖይንት ላይ ሲተከል፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1791፣ ሥነ ሥርዓቱን የመራው የአሌክሳንድሪያ ሎጅ ነው። የኋይት ሐውስ የመሠረት ድንጋይም ኦክቶበር 13 ቀን 1792 በፍሪሜሶኖች ሥርዓት ነው የተቀመጠው። የዋሽንግተን ሐውልትም ጁላይ 4 ቀን 1848 እንደዚሁ።

ግን የካፒቶሉ ቀን እንዴት እንዳለፈ ተመልከት። ሰልፍ ነበር። ሙዚቃ ነበር። 500 ፓውንድ የሚመዝን በሬ ተጠብሶ ሕዝቡ በልቷል። ጋዜጣ ዘግቦታል፤ ዝርዝሩን ዛሬ የምናውቀውም ከዚያ ነው። በዚያ ዘመን ፍሪሜሶኖች ለፍርድ ቤትም ለድልድይም ድንጋይ ያኖሩ ነበር፤ የክብር ሥነ ሥርዓት ነው። ምስጢር ሊሠራ የሚፈልግ ሰው በሬ ጠብሶ ጎረቤት አይጠራም።

ስለ ላንፋን፣ በ1789 ኒው ዮርክ ውስጥ ወደ አንድ ሎጅ መግባቱን የሚያሳይ መዝገብ አለ። የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው የወሰደው።

ዲሲ ሹፌር

እኔ ታሪክ አዋቂ አይደለሁም። ግን እነዚህን መንገዶች የምሠራባቸው ናቸው፣ በእጄ ነው የማውቃቸው። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ሮድ አይላንድ ጎዳና ዋሽንግተን አደባባይ አይደርስም። በቃ አይደርስም። ከሎጋን ተነስተህ ስኮት አደባባይን አልፈህ ትመጣለህ። ለኬኔዲ ጸሎተ ፍትሐት የተደረገበት የቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል ጋ ትደርሳለህ። ከዚያ ኮኔቲከት ጎዳና ላይ፣ ኤም ስትሪት አጠገብ፣ መንገዱ ያልቃል። ወደ ዋሽንግተን አደባባይ ለመሄድ ብዙ ብሎክ ይቀርሃል፤ በሌላ መንገድ ተጠማዝዘህ ነው የምትሄደው። ቪዲዮው ላይ ያንን ክፍተት በቀይ ቀለም ይሞሉታል። ካላመናችሁኝ ስልካችሁ ላይ ካርታውን ክፈቱ።

እውነት ፈላጊ

የሮድ አይላንድን አውቃለሁ። ሆን ተብሎ ነው ያልተዘጋው። በእነዚህ ነገሮች ውስጥ ያልተዘጋ ኮከብ የራሱ ትርጉም አለው። ምልክቱን የሚያውቅ ያየዋል፤ የማያውቅ ያልፈዋል።

ስንዱ

እውነት ፈላጊ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልበልህ። መስመሩ ቢገጥም ማስረጃ ነው። ባይገጥምም ማስረጃ ነው። እንግዲህ ምን ቢገኝ ነው "ተሳስቻለሁ" የምትለው? ይህን ቀድመህ ካልወሰንክ የምንከራከረው በከንቱ ነው።

እኔ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነኝ። ኮከቡን ከሙያዬ በኩል ላስረዳ።

የዋሽንግተን ንድፍ ሁለት ነገር በላይ በላይ የተደረበበት ነው። ከታች ቀጥ ያለ ፍርግርግ መንገድ አለ። ከላይ ፍርግርጉን እየቆረጡ የሚያልፉ ሰፋፊ ሰያፍ ጎዳናዎች አሉ። ብዙ ሰያፍ መስመር በፍርግርግ ላይ ስታሳልፍ ኮከብ ይወጣል። ሦስት ማዕዘን ይወጣል። መስቀልም ይወጣል። የምትፈልገውን መርጠህ ቀለም መቀባት ነው። ዱፖንትና ሎጋን ተመርጠው ስኮትና ቶማስ አደባባዮች ለምን ተተዉ? ሁለቱም እዚያው መካከል ናቸው። ምክንያቱ ኮከቡን ስለሚያበላሹ ብቻ ነው።

ላንፋን ይህን ከየት አመጣው? አባቱ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር። ልጁ የቬርሳይን አትክልት ስፍራ እያየ ነው ያደገው። አንድሬ ለ ኖትር የዘረጋቸውን ረጃጅም የእይታ መስመሮች ያውቃል። ቶማስ ጄፈርሰን ደግሞ በኤፕሪል 1791 የአውሮፓ ከተሞችን ካርታ ልኮለታል፦ ፓሪስ፣ አምስተርዳም፣ ፍራንክፈርት፣ ካርልስሩኸ፣ ቱሪን፣ ሚላን፣ ሌሎችም። ምንጩ ይህ ነው፤ ደብዳቤው አለ።

ካርልስሩኸን እዩት። በ1715 ተመሠረተ። 32 መስመሮች ከቤተ መንግሥቱ ግንብ እንደ ጨረር ይወጣሉ። ሁሉም ነገር ከገዢው ይጀምራል ማለት ነው። አሁን ዋሽንግተንን እዩ። መሃሉ የፕሬዚዳንቱ ቤት አይደለም። መሃሉ ምክር ቤቱ ነው። ከተማዋ በአራት የምትከፈለው ከካፒቶል ተነስታ ነው። የጎዳና ቁጥርና ፊደልም ከዚያ ነው የሚቆጠረው። ላንፋን ኮረብታውን አይቶ ሐውልት የሚጠብቅ መቀመጫ ነው ብሎ ነበር፤ እዚያ ላይ ያስቀመጠው ሕግ አውጪውን ነው። ፕሬዚዳንቱን 2 ኪሎ ሜትር ገደማ አርቆ አስቀመጠው። በመካከላቸው ፔንሲልቬኒያ ጎዳናን ዘረጋ። ተለያይተው፣ ግን እየተያዩ። በዚያን ጊዜ 15 ግዛቶች ይሆናሉ ተብሎ ስለታሰበ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ፣ በጠቅላላ 15 አደባባይ አሰበ።

ምልክት አለ ወይ? አለ እንጂ! ሕገ መንግሥቱ መሬት ላይ ተሥሏል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሰው ይህን ትቶ ያልተዘጋ ኮከብ ሲፈልግ ነው።

መዝሙረኛው

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ አማኝ ነኝ፤ ነገሩን የማየውም በዚያ ዓይን ነው። ከወጣቶች ጋር አገለግላለሁ። ስለዚህ ኮከብ እየፈሩ ይጠይቁኛል። ራእይ 13 ላይ ያለውን ቁጥርም ከሐውልቱ ጋር ያያይዙታል። እኔ በሐሰት ማስፈራራትም አልፈልግም፣ ክፉን ነገር ቀላል ነው ብዬ ማሳለፍም አልፈልግም። የሚያውቅ ቢያስረዳኝ።

አሮጌ ካርታ

ወንድሜ መዝሙረኛው፣ ጥያቄህ ከልብ የመጣ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ ኮከቡ። የተገለበጠ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የክፉ መንፈስ ምልክት ነው የሚለውን ትርጓሜ ያስፋፋው ኤሊፋስ ሌቪ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። የጻፈው በ1850ዎቹ ነው። የፍየል ራስ ያለውን ታዋቂ ሥዕልም የሣለው እሱ ነው። ከዚያ በፊት በአውሮፓ ክርስቲያኖች ዘንድ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የጌታን አምስት ቁስሎች ያመለክት ነበር። ላንፋን ንድፉን ያቀረበው በ1791 ነው። ስለዚህ ከ60 ዓመት በኋላ የሚፈጠር ትርጉም ቀድሞ መሬት ላይ ሊቀብር አይችልም።

ሁለተኛ፣ ፍሪሜሶኖች ሰይጣንን ያመልካሉ የሚለው ወሬ እንዲህ የተስፋፋው በአንድ ሰው ማታለል ነው። ሌዮ ታክሲል ይባላል። ከ1885 ጀምሮ ለ12 ዓመት ስለ ማኅበሩ የሰይጣን አምልኮ ታሪክ እየፈጠረ አሳተመ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሳይቀሩ አመኑት። ኤፕሪል 19 ቀን 1897 ፓሪስ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ "ሁሉም ፈጠራ ነበር" ብሎ ተናገረ። እሱ ከተናዘዘ በኋላም ወሬው አልሞተም። ዛሬ ቪዲዮ ላይ የምትሰማው ከዚያ የተረፈው ነው።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ። ሐውልቱን መጀመሪያ የነደፈው ሮበርት ሚልስ 600 ጫማ ከፍታ ነበር ያሰበው። ግንባታው በ1848 ተጀመረ፣ በ1854 ገንዘብ አልቆ ቆመ። ለ25 ዓመት ያህል እንደ ጉቶ ቆሞ ኖረ። ሥራው በ1879 ሲቀጥል ሌተና ኮሎኔል ቶማስ ኬሲ ከፍታውን መወሰን ነበረበት። በጣሊያን የአሜሪካ ዲፕሎማት የነበረው ጆርጅ ፐርኪንስ ማርሽ የጥንቶቹን የግብፅ ሐውልቶች መጠን አጥንቶ ጻፈለት፦ ከፍታው የመሠረቱ ስፋት 10 እጥፍ ይሁን። መሠረቱ 55 ጫማ ገደማ ሆኖ አስቀድሞ ተሠርቷል። 10 እጥፉ 550 ነው። ሲጠናቀቅ 555 ጫማ ከ5 ኢንች ትንሽ አለፈ። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ይህ ስሌት ነው።

በኢንች ካሰላኸው 6,665 ነው የሚመጣው። 6,666 አይደለም። በዚያ ላይ በ2015 የወጣው አዲስ ልኬት 554 ጫማ ከ7 ኢንች ከትንሽ ነው ያለው፤ ከ6,656 ኢንች በታች ማለት ነው። ሐውልቱ አላጠረም፤ የሚለካበት መነሻ ነጥብ ነው የተለየው። መነሻ ሲቀየር የሚቀየር ቁጥር ምስጢር አይሸከምም።

መዝሙረኛው

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይህን ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ። እምነታችን በተፈጠረ ታሪክ መደገፍ የለበትም። ክፉን ለመቃወም እውነት ይበቃናል።

እውነት ፈላጊ

ጋሼ አሮጌ ካርታ፣ ስለ ታክሲል የጻፉትን አላጣጥልም። ግን ኮምፓሱን አልነኩትም። ካፒቶል ራስ፣ ኋይት ሐውስ የአንዱ እግር ጫፍ፣ የጄፈርሰን መታሰቢያ የሌላው። ከካርታው በላይ ምን ይምጣ?

አሮጌ ካርታ

የጄፈርሰን መታሰቢያ የተመረቀው ኤፕሪል 13 ቀን 1943 ነው። ላንፋን ካርታውን ሲሥል እዚያ ቦታ ላይ መሬት አልነበረም። ውኃ ነበር። የፖቶማክ ወንዝ ከ1881ዱ ጎርፍ በኋላ፣ ከ1882 ጀምሮ እየተጠረገ ጭቃው ተከምሮ ነው ደረቅ መሬት የሆነው። የሊንከን መታሰቢያም በዚያው በተገኘ መሬት ላይ ነው የቆመው። የኮምፓሱ አንድ እግር ለ90 ዓመት ወንዝ ውስጥ ነበር ልጄ።

ሜሪላንድ ጎዳና ደግሞ እስከ መታሰቢያው አይደርስም። ሹፌራችን ይመስክር።

ዲሲ ሹፌር

እመሰክራለሁ። ሜሪላንድ ጎዳና በዚያ በኩል በሐዲድና በሕንፃ ተቆራርጧል። ቀጥ ብለህ ነድተህ ጄፈርሰን ጋ አትደርስም።

ስንዱ

በዚሁ ላይ ስለ ሞል፣ ከካፒቶል ወደ ምዕራብ ስለተዘረጋው ሰፊ ክፍት መስክ፣ ልጨምር፤ ሰው ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው የነደፈው ይመስለዋል። ሞል ዛሬ ያለውን ክፍት መልክ ያገኘው ከ1901–1902ቱ የማክሚላን ዕቅድ በኋላ ነው። ዳንኤል በርናም፣ ቻርልስ ማኪም፣ ትንሹ ፍሬደሪክ ኦልምስቴድና ቀራፂው ሴንት ጎደንስ ናቸው የሠሩት። ከዚያ በፊት ሞል ላይ ባቡር ጣቢያ ነበር! ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በ1881 የተተኮሰባቸው እዚያው ጣቢያ ውስጥ ነው።

ላንፋን እራሱ ሥራውን ሳይጨርስ በ1792 መጀመሪያ ተሰናብቷል። የቀጠለው ቀያሹ አንድሩ ኤሊኮት ነው። ኤሊኮት ማሳቹሴትስ ጎዳናን አቃንቷል፤ አንዳንድ አጫጭር ጎዳናዎችንም ሰርዟል። ልብ በሉ፣ ማሳቹሴትስ የ"ኮከቡ" አንድ ክንድ ነው። የዱፖንት አደባባይ እራሱ የተሠራው በ1871 ነው።

ሐውልቱም ቢሆን ቦታው ላይ አይደለም። በላንፋን ንድፍ ከኋይት ሐውስ ወደ ደቡብ፣ ከካፒቶል ወደ ምዕራብ የሚወርዱት መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ነበር የታሰበው። አፈሩ ያን ያህል ክብደት አይችልም ተብሎ ከ100 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተገፋ። ምስጢራዊ ልኬት የሚጨነቅ ሰው ይህን አይፈቅድም። መሐንዲስ ግን ይፈቅዳል።

ከ150 ዓመት በላይ፣ የተለያዩ ሰዎች፣ የተለያዩ ምክር ቤቶች፣ እየተጣሉ፣ በጀት እየተቋረጠባቸው የሠሯት ከተማ ናት። በአንድ እጅ የተሣለች አድርጎ ማየት የሁሉንም ሥራ መካድ ነው።

ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። እሺ ኮከቡም ኮምፓሱም ቀረ። ግን በካፒቶል ጉልላት ውስጥ የጣዖት ሥዕል አለ ይባላል። 16ኛ ስትሪት ላይ ደግሞ ቤተ መቅደስ የሚመስል የፍሪሜሶን ሕንፃ አለ። እነዚህም ውሸት ናቸው?

ስንዱ

ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም አልተደበቁም።

በጉልላቱ ውስጥ ያለውን ሥዕል የሣለው ኮንስታንቲኖ ብሩሚዲ ነው። በ1865 ነው የጨረሰው። ጆርጅ ዋሽንግተን ወደ ሰማይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ዙሪያውን ሚነርቫ፣ ኔፕቱን፣ ቩልካን፣ መርኩሪ፣ ሴሬስ አሉ። የጥንት ሮማውያን አማልክት ናቸው፤ እዚያ የቆሙት ግን ሳይንስን፣ ባሕርን፣ መካኒክን፣ ንግድንና እርሻን ወክለው ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት የሥዕል ቋንቋ ነው። አንድን መሪ እንዲህ ከፍ ማድረግ ልክ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እኔ በግሌ ይከብደኛል። ግን የሚጎበኝ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየዋል።

16ኛ ስትሪት ላይ ያለው የስኮቲሽ ራይት፣ ማለትም የፍሪሜሶኖች አንዱ ዘርፍ፣ ዋና ቤት ነው። አርክቴክቱ ጆን ራስል ፖፕ ነው፤ በኋላ የጄፈርሰንን መታሰቢያ የነደፈውም እሱ ነው። በ1915 ተመረቀ። መልኩ የተወሰደው ከጥንቱ የሃሊካርናሰስ መቃብር ነው። 33 ዓምዶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 33 ጫማ ናቸው፤ በማኅበሩ ካሉት 33 ደረጃዎች ጋር እንዲሄድ ተብሎ ነው። በሩ ላይ ሁለት ስፊንክሶች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጥበብን አንዱ ኃይልን ይወክላል። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ደግሞ በ1932 የተመረቀ የጆርጅ ዋሽንግተን የሜሶን መታሰቢያ አለ። ከሩቅ ይታያል።

የእውነቱን የሜሶን ምልክት ማየት የሚፈልግ እነዚህን ይይ። በራሳቸው ሕንፃ ላይ፣ በራሳቸው ስም፣ በደጃቸው አስቀምጠውታል።

የካርታ ልጅ

በሌሎች ዋና ከተሞችም ያው ነው። የካዛክስታንን አስታና እንደ ምሳሌ የሚያነሱ አሉ፤ "ፒራሚድ አላት፣ እንግዲህ ኢሉሚናቲ ናት" ይላሉ። ፒራሚዱ የሰላምና የዕርቅ ቤተ መንግሥት ይባላል። ኖርማን ፎስተር ነው የነደፈው፤ በ2006 ተከፈተ፤ ከፍታው 62 ሜትር ነው። የተሠራው የዓለም ሃይማኖት መሪዎች ጉባኤ እንዲካሄድበት ነው። እዚያው አስታና ባለው ባይተሬክ ግንብ ላይ መመልከቻው በ97 ሜትር ላይ ያለው ዋና ከተማው ከአልማቲ የተዛወረበትን 1997ን ለማሰብ ነው። ላዩ ላይ ያለው ወርቃማ ኳስ የሳምሩክ ወፍ እንቁላል ነው፤ የካዛኮች ተረት ነው። መንግሥት እራሱ ምልክቱን ለጎብኚ ያስረዳል።

ብራዚሊያም እንዲሁ። ሉሲዮ ኮስታ በ1957 ያሸነፈበት ንድፍ ሁለት መስመር አቋርጦ መስቀል በመሥራት ነው የሚጀምረው፤ ራሱ ጽፎታል። ዋና ከተማ ሲሠራ ሁሌም ምልክት ይገባበታል። የሚሠሩትም ሰው ሁሉ እንዲያየው ይፈልጋሉ። ካልታየማ ምን ይሠራል?

እውነት ፈላጊ

ሁሉንም አንብቤአለሁ። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ፀሐይ በፔንሲልቬኒያ ጎዳና ትይዩ የምትጠልቅባቸው ቀኖች አሉ። በኮከብ ቆጠራ የተመረጠ አቅጣጫ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህን ማንም አላነሳም።

ሁለተኛው ለኔ ዋናው ነው። ቁጥሩንም ኮከቡንም ተዉት። በመሐላ የታሰረ፣ ስብሰባው ዝግ የሆነ ማኅበር የአንድን አገር የሕዝብ ሕንፃዎች መሠረት ማኖሩ በራሱ አያሳስብም? በሬ ስለጠበሱ ብቻ ጥያቄው ይዘጋል?

አሮጌ ካርታ

የፀሐዩን በአጭሩ። በዋሽንግተን ኬክሮስ ፀሐይ ስትጠልቅ ከትክክለኛው ምዕራብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም 30 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች። በዚያ ክልል ውስጥ የሚያመለክት ማንኛውም መንገድ፣ የትም ይሁን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ትጠልቅበታለች። ፔንሲልቬኒያ ጎዳናም በዚያ ክልል ውስጥ ነው። በከተማዋ ይህ የሚሆንባቸው ብዙ ጎዳናዎች አሉ።

ሁለተኛው ጥያቄህ ግን ከባድ ጥያቄ ነው፤ አከብረዋለሁ። አሜሪካኖች ራሳቸው ጠይቀውታል። በ1826 በኒው ዮርክ ግዛት ዊልያም ሞርጋን የሚባል ሰው የማኅበሩን ምስጢር አሳትማለሁ ካለ በኋላ ተይዞ ተወሰደ፣ ከዚያ ደብዛው ጠፋ። ሕዝቡ ተቆጣ። "የዳኛው ታማኝነት ለሕጉ ነው ወይስ ለማኅበሩ?" የሚል ጥያቄ ተነሣ። ፀረ ሜሶን ፓርቲ ተቋቋመ። በ1832ቱ ምርጫ እጩው ዊልያም ዊርት የቨርሞንትን ግዛት አሸነፈ። ፕሬዚዳንት የነበረው ጆን ኩዊንሲ አዳምስም ማኅበሩን አጥብቆ ይቃወም ነበር።

እነዚያ ሰዎች ትክክለኛውን ነገር ነው የጠየቁት። ማን ዳኛ ነው፣ ማን አባል ነው፣ ክሱን ማን አዳፈነው? ስም፣ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ቃል። ጎዳና ላይ ኮከብ አልፈለጉም።

በተቃራኒው ደግሞ ፍርሃት ያበላሸውን እንይ። በ1854 ጳጳስ ፒዮስ 9ኛ ለዋሽንግተን ሐውልት የላኩት ድንጋይ በሌሊት ተሰረቀ። ካቶሊኮች አገሪቱን በምስጢር ሊይዙ ነው የሚል ወሬ ነበር። በዓመቱ ያን ወሬ የሚያራግቡት የ"ኖው ናሲንግ" ፓርቲ ሰዎች የሐውልቱን ማኅበር ተቆጣጠሩት። መዋጮው ደረቀ። ዛሬ ሐውልቱ ላይ ከታች አንድ ዓይነት፣ ከላይ ሌላ ዓይነት የድንጋይ ቀለም የሚታየው ሥራው ለዓመታት ቆሞ ከሌላ ቦታ በመጣ እብነ በረድ ስለቀጠለ ነው።

እውነት ፈላጊ

የሞርጋንን ታሪክ ስላነሱ አመሰግናለሁ ጋሼ። እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ዝግ ማኅበርና የሕዝብ ሥልጣን አብረው ሲሄዱ መጠየቅ አለበት። ከዚህ ወደኋላ አልልም። በካርታው ላይ ግን እንደምንለያይ እንቀጥላለን።

ስንዱ

በጥያቄው እኔም ካንተ ጋር ነኝ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቪዲዮውን ስታጋራ የሮድ አይላንድን ክፍተት በቀይ አትሙላው። እንዳለ አሳየው፤ ሰው ራሱ ይፍረድ።

ጥያቄ አለኝ

የላንፋን ዋናው ካርታ ዛሬ የት ነው? ማየት ይቻላል?

አሮጌ ካርታ

በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው፤ በ1918 ነው የገባው። በጣም ደብዝዟል። የጄፈርሰን የእርሳስ ማስታወሻዎችም አሉበት። በ1991 በኮምፒውተር ታግዞ መስመሩና ጽሑፉ እንዲነበብ ተደርጎ ታትሟል፤ ምስሉ በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ከእሱ ጎን በ1792 የታተመውን የኤሊኮትን ካርታ ክፈቱ። የተቀየሩትን መስመሮች በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ዲሲ ሹፌር

አንድ ነገር ልጠይቅ። የካፒቶል የመሠረት ድንጋይ የቱ ጋ ነው? ሰው መኪና ውስጥ ይጠይቀኛል፣ መልስ የለኝም።

አሮጌ ካርታ

አልተገኘም። የ1793ቱ ድንጋይ ከብር ሰሌዳው ጋር እዚያው ሕንፃው ሥር አለ ተብሎ ይታመናል። ተፈልጓል፤ ይሄ ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የተለየ ግን የለም። የኋይት ሐውስም እንደዚያው። የጆንስ ፖይንቱን የወሰን ድንጋይ ግን ልታሳያቸው ትችላለህ። አሌክሳንድሪያ፣ ከአሮጌው የመብራት ቤት ፊት ለፊት፣ ወንዙ ዳር ባለው ግድግዳ ውስጥ ነው።

ዲሲ ሹፌር

እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ወደዚያ በኩል ነኝ፤ ፎቶ አንስቼ እዚህ እለጥፈዋለሁ።